ሰም፣ ሸክላ እና ተሰማ

ዮዜፍ ዮአኪም በ1903 በርሊን ከተማ ውስጥ ቫዮሊኑን ይዞ ከአንድ የቆርቆሮ ቀንድ ፊት ሲቆም የሰባ ሁለት ዓመት ሽማግሌ ነበር። (ዓመተ ምሕረት ብዬ ካልለየሁ በስተቀር በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በልጅነቱ ሜንደልሶን እጁን ይዞ ለሎንዶን አድማጭ ያቀረበው፣ ብራምስ የቫዮሊን ኮንቼርቶውን በስሙ ያበረከተለት፣ ያንኑም ሥራ በ1879 ላይፕዚግ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ያሰማ ሰው ነው። ከዚያ ሁሉ ዘመን በድምፅ የተረፈልን አምስት የሸክላ ገጽ ብቻ ነው፦ ሁለት የባኽ፣ ሁለት የብራምስ የሀንጋሪ ዳንሶች፣ አንድ የራሱ ድርሰት። ሁሉም ተደምረው አቦል ቡና ሳይፈላ ያልቃሉ።

እነዚህን ገጾች ኮልፌ ውስጥ፣ ማታ፣ የአየር ጤና ታክሲዎች ጥሪ ጋብ ሲል አዳምጣቸዋለሁ። መጀመሪያ የሚመጣው ጫጫታው ነው፤ ገብስ በምጣድ ላይ ሲንጣጣ የሚሰማው ዓይነት። ከዚያ በስተኋላ፣ ከሩቅ ቤት እንደሚመጣ ለቅሶ፣ ቫዮሊኑ ይገባል። ጆሮ ጫጫታውን መርሳት እስኪለምድ ሦስት አራት ቀን ይፈጃል። ከለመደ በኋላ ግን ፈጽሞ ያልጠበቀውን ነገር ይሰማል፤ ይህ ሽማግሌ የሚጫወተው ዛሬ በየኮንሰርቱ እንደምንሰማው ቫዮሊን አይደለም። ድምፁን አያንቀጠቅጠውም፤ ቢያንቀጠቅጠውም እንደ ጨው ቆንጠር አድርጎ ነው። ከአንዱ ኖታ ወደ ሌላው ሲሻገር አይዘልም፤ ጣቱን ክሩ ላይ እየጎተተ ይንሸራተታል። በዛሬ ሙዚቃ ትምህርት ቤት እንዲህ የተጫወተ ተማሪ ተግሣጽ ሳይደርስበት አይቀርም።

እኔም መጀመሪያ የሰማሁ ዕለት «ይህማ መሰንቆ ነው» ብያለሁ።

ነገሩ ቀልድ ብቻ አይደለም። መሰንቆ አንዲት የፈረስ ጭራ ክር፣ ቆዳ የተለበጠች ባለ አራት ማዕዘን ሣጥን፣ አንድ ደጋን ናት። ክሯ ከእጀታው እንጨት ርቃ በአየር ላይ የተወጠረች ስለሆነች የተጫዋቹ ጣት የሚጫናት ከታች ምንም ድጋፍ ሳይኖራት ነው። ስለዚህ መሰንቆ ዘሎ መሻገርን በተፈጥሮዋ አትወድም፤ እንደ ሰው ጉሮሮ ትንሸራተታለች። የድሮ ቫዮሊን ተጫዋቾችም የሚመኙት ይህንኑ የሰው ጉሮሮ ነበር። መንቀጥቀጡን የዘወትር ልማድ ያደረጉት እነ ፍሪትዝ ክራይስለርና ከእነሱ በኋላ የመጡት ናቸው። ለዚህ ለውጥ ከምክንያቶቹ አንዱ ራሱ ሸክላው ነው የሚሉ የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊዎች አሉ፤ በቆርቆሮ ቀንድ ውስጥ ቀጥ ያለ ቀጭን ድምፅ ይሟሽሻል፣ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ግን ይደምቃል፤ የተጫዋቹ ፊትና እጅ በማይታይበት ሸክላ ላይም መንቀጥቀጡ የስሜቱ ምልክት ሆነ ይላሉ። እኔ ይህን ክርክር አምነዋለሁ። ሸክላው ድምፅን ብቻ አልቀዳም፤ ከእርሱ በኋላ የሚመጡት እንዴት እንደሚጫወቱም አዝዟል።

የዚያን ዘመን አቀራረጽ በጥቂቱ ላስረዳ፤ ለኋላው ነገሬ ያስፈልገኛልና። ማይክሮፎን የለም፣ ኤሌክትሪክ የለም፤ በኤሌክትሪክ መቅረጽ የተጀመረው በ1925 ነው። ያለው አንድ ትልቅ ቀንድ ነው። ተጫዋቹ ቀንዱ አፍ ድረስ ተጠግቶ ይጫወታል፤ ድምፁ በቀንዱ ውስጥ ተሰብስቦ ጫፉ ላይ ያለችውን ስስ ሽፋን ያርገበግባታል፤ ሽፋኗ መርፌ ታንቀሳቅሳለች፤ መርፌው በሚሽከረከር የሰም ዝርግ ላይ መስመር ይጭራል። እጅግ ወፍራሙና እጅግ ቀጭኑ ድምፅ መንገድ ላይ ይቀራል። ቫዮሊን ለዚህ ቀንድ ደካማ ነበረችና ስትሮ የሚባል ሰው ሣጥኗን አውልቆ በምትኩ የብረት ጥሩንባ የገጠመላት ቫዮሊን ሠርቶ ነበር፤ በየቀረጻ ክፍሉም ብዙ ዓመት አገልግላለች። ቫዮሊን ጥሩንባ ተገጥሞላት ማየት፣ ወገኖቼ፣ ሙሽራ በወታደር ጫማ እንደማየት ነው።

አንድ የሸክላ ገጽ የሚችለው ሦስት ደቂቃ፣ ሰፊው ቢበዛ አራት ተኩል ነበር። ስለዚህ ወይ ድርሰቱን ይቆርጡታል፣ ወይ ያጣድፉታል። ፓብሎ ደ ሳራሳቴ በ1904 ያስቀረጻት የባኽ ፕሬሉድ አጋንንት የሚያባርሩት ሰው ሩጫ ትመስላለች። በዚያው ጊዜ የቀረጸው «ዚጎይነርቫይዘን» የተባለው ድርሰቱ መካከል ላይ ደግሞ የሰው ድምፅ ይሰማል፤ አንድ ሰው አጠር ያለ ነገር ተናግሮ ዝም ይላል። ስለዚያች ንግግር ብዙ ተብሏል፤ አንድ ጃፓናዊ የፊልም ዳይሬክተርም በ1980 ሙሉ ፊልም መነሻ አድርጓታል። ዩጂን ኢዛዪ በ1912 ኒውዮርክ ላይ ያስቀረጻቸውን ሸክላዎች ዘልዬ አልፋለሁ፤ ከሦስቱ አስበልጬ የማዳምጠው ኢዛዪን ቢሆንም ለዛሬ ነገሬ ሁለቱ ይበቁኛል።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ።

ድምፅ የሚይዘው ማሽን ወደ እኛ ዘንድ የመጣው በቤተ መንግሥት በር ነው። ንግሥት ቪክቶሪያ በ1898 ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ የሰላምታ ቃሏን በሰም ሲሊንደር አስቀርጻ ላከች። መልእክቱ ከተሰማ በኋላ ሲሊንደሩ እንዲጠፋ አዝዛ ነበርና ጠፋ፤ ድምፅዋ በማያውቃት ሰው እጅ እንዲቀር አልወደደችም። የእኛዎቹ ግን በ1899 የመለሱት መልስ ተርፏል። ምኒልክም ጣይቱም ዛሬ ድረስ በራሳቸው ድምፅ ይሰማሉ። ንግሥቲቱ የሸሸገችውን እነርሱ አልሸሸጉም። በዚህ ነገር ሳስብ ብዙ ጊዜ ፈገግ እላለሁ፤ «የሰው ድምፅ የያዘ ሰይጣን» የሚል ሹክሹክታ ከማይጠፋበት አገር የተነሡ ሁለት ሰዎች የማሽኑን ነገር ከማሽኑ ባለቤቶች ይልቅ ያልፈሩት ይመስላሉ።

ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ተራው የመሰንቆ ሆነ።

በ1908 አርኖልድ ሆልዝ የተባለ ጀርመናዊ ለዐፄ ምኒልክ መኪና ይዞ አዲስ አበባ ገባ። የመኪናን ነገር እንዲማሩም ከእርሱ ጋር ወደ ጀርመን ከሄዱት መካከል አንድ የሚንጃር ተወላጅ ነበሩ፤ በቤተ መንግሥት አካባቢ ያደጉ፣ ግጥም አዋቂ፣ መሰንቆ መቺ፣ የሠላሳዎቹን ዕድሜ የጀመሩ ሰው። በኋላ ነጋድራስ ተብለዋል። ስማቸው ተሰማ እሸቴ ነው።

ስሙን ደግማችሁ አንብቡት። ተሰማ። የኢትዮጵያን ሙዚቃ ለመጀመሪያ ጊዜ በሸክላ ያስቀረጸው ሰው ስሙ «ተሰማ» ነው። እኔ ግጥም የምሞክር ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለውን ነገር ራሴ ብፈጥረው ኖሮ አንባቢ «አበዛኸው» ይለኝ ነበር።

ተሰማ እሸቴ መሪና ሞተር ሊማሩ በሄዱበት አገር፣ በ1908 እና በ1910 መካከል በነበረው ቆይታቸው፣ መሰንቋቸውን ይዘው ከቆርቆሮው ቀንድ ፊት ቆሙና በርከት ያሉ ሸክላዎች አስቀረጹ። ዮአኪም በርሊን ውስጥ ያረፈው በ1907 ነው። ሁለቱ ሰዎች በአንድ ዓመት ተላለፉ። አንዱ የአውሮፓ ቫዮሊን የመጨረሻው የድሮ ሰው፣ ሌላው የእኛ መሰንቆ የመጀመሪያው የሸክላ ሰው፤ ሁለቱም በአንድ አገር፣ በአንድ ዓይነት ቀንድ ውስጥ፣ በአንድ ዓይነት ሰም ላይ። የሁለቱን ሸክላዎች አከታትሎ ያዳመጠ ጆሮ ያ መንሸራተት ከአንዱ ወደ ሌላው ሲቀጥል ይሰማዋል። ልዩነቱ፣ ጫጫታው ቫዮሊኗን ያጎሳቁላታል፣ መሰንቆዋን ግን እምብዛም አይጎዳትም። የመሰንቆ ድምፅ ቀድሞውንም በአፍንጫ የሚወጣ፣ ጭስና አቧራ የለመደ ነውና ቀንዱ ውስጥ እንደ ቤቷ ትገባለች።

የተሰማ ቀሪ ሕይወት ብዙ ውጣ ውረድ ያለበት ነው። ከልጅ ኢያሱ ቅርብ ሰዎች አንዱ ሆኑ፤ ልጅ ኢያሱ በ1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ የእርሳቸውም ኮከብ አብሮ ወረደ። ከልጆቻቸው አንዱ ይድነቃቸው ተሰማ ነው፤ በ1962 የአፍሪካ ዋንጫን ያነሣው ቡድናችን አሠልጣኝ፣ በኋላም ከ1972 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት። የኳስ ወዳጆች ልጁን እንጂ አባቱን አያውቁም፤ የሙዚቃ ወዳጆች ደግሞ በተቃራኒው። ስለ ሁለቱ በአንድነት መጻፍ የሌላ ቀን ሥራ ነው።

ሸክላ የሚለው ቃላችን ራሱ ይደንቀኛል። ዝርጉ የሚሠራበት፣ ከአንድ ነፍሳት የሚገኘው ሙጫ በፈረንጅኛ «ሼላክ» ይባላል። የእኛ ሰው ጆሮ «ሸክላ» ብሎ ተቀበለው፤ ተቀብሎም አልተሳሳተም፣ እንደ እንስራ ከእጅ ካመለጠ ይከሰከሳልና። ግን ከሸክላው በፊት ሰሙ አለ። ከላይ እንዳልሁት መርፌው የሚጭረው በሰም ላይ ነው። ያ ሰም በስስ ብረት ይለበጣል፤ ብረቱ የሰሙን መስመር ተቀብሎ ማኅተም ይሆናል፤ በማኅተሙ ሸክላዎቹ ይታተማሉ፤ ሰሙ ሥራውን ጨርሶ ይወገዳል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳነብ መጽሐፉን አጥፌ ተቀመጥሁ። የእኛ አንጥረኛ የሚሠራው እንዲሁ አይደለምን? ቅርጹን በሰም ያበጃል፣ በጭቃ ይለብጠዋል፣ በእሳት ሲያየው ሰሙ ቀልጦ ይፈስሳል፣ በባዶው ወርቁ ይገባል። ቅኔያችን «ሰምና ወርቅ» የተባለው ከዚሁ የእጅ ሥራ ነው፦ ላይ ላዩን የሚሰማው ቃል ሰም፣ ውስጡ ያለው ምሥጢር ወርቅ።

እንግዲህ ተሰማ በሰም ላይ የዘፈኑት ሰምና ወርቅ አዋቂ ሆነው ነው። ሰሙን መርፌው ያዘው። ወርቁስ?

ወርቁን መርፌ አይዘውም። የአዝማሪ ወርቅ ግማሹ በአድማጩ ጆሮ ውስጥ ነው። አዝማሪው «ተራራው» ሲል የትኛውን ደጃዝማች ማለቱ እንደሆነ፣ «ማሩ ኮመጠጠ» ሲል በማን ቤት ግብር እንደተከፋ የሚያውቀው በዚያች ማታ በዚያ እልፍኝ የተቀመጠ ሰው ነው። እርሱ ሳቅ ሲያመልጠው፣ ጎረቤቱ ሲደነግጥ፣ ሦስተኛው ብር ሲሸልም ወርቁ ይገለጣል። ጀርመን ውስጥ፣ ቀንዱ በተተከለበት ክፍል፣ ያን የሚያደርግ ማን ነበር? የማሽኑ ባለሙያ አማርኛ አይሰማ። ነገሩን ለመረዳት ያህል አንድ ሁለት መስመር በራሴ መሰንቆ አልባ እጅ ሞክሬ ነበር፦

እኔ ስጣራ አድሬ ማንም ሳይሰማኝ፣
የሚንጃሩ መሰንቆ ጀርመን ተሰማ አሉኝ።

ሰሙ ግልጽ ነው፤ ወርቁም ስሙን ለሚያውቅ ሰው ግልጽ ነው፤ ስሙን ለማያውቅ ግን ወርቅ የሚባል ነገር የለበትም። ስንኝ ቃሉ ሳይለወጥ በአድማጩ ብቻ ይደኸያል።

በሠፈራችን አንድ የሚንጃር ሽማግሌ አሉ፤ ሰማንያን የተሻገሩ፣ ቀድሞ የጤፍ ነጋዴ የነበሩ። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከቤታቸው ሄጄ የተሰማን ድምፅ ከስልኬ አሰማኋቸው። ጆሯቸውን ወደ ስልኩ ዘንበል አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የመጀመሪያውን ዘፈን እስኪያልቅ ዝም አሉ። ሁለተኛው ላይ አንገታቸው መወዛወዝ ጀመረ። ሦስተኛው መካከል ላይ በድንገት «ተቀበል!» አሉና ከራሳቸው አንድ ስንኝ ጣሉ፤ ስለ ዘንድሮ የጤፍ ዋጋ ነበር፣ ስድብም ነበረበት፣ እዚህ አልጽፈውም። ስንኙን ጥለው እንደ ልማዱ ጠበቁ። አዝማሪው ተቀብሎ፣ አስውቦ፣ በዜማ ሊመልስላቸው ይገባ ነበር። መሰንቆው ግን መንገዱን ቀጠለ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ገለጡ።

«ይኼ ሰውዬ ብቻውን ነው እንዴ?» አሉኝ።

«ምን ማለትዎ ነው አባባ?»

«ማንም አይመልስለትም። አንድ ሰው እንኳ እሰይ አይለውም። ምን ያለ ቤት ነው ልጄ?»

ጀርመን እንደሆነ፣ ሰውዬው ሲዘፍኑ ከፊታቸው ያለው ቀንድ እንደነበር ነገርኋቸው። ጥቂት አሰቡና «እንግዲያስ ጎበዝ ነው፤ ለቀንድ ዘፍኖ እንዲህ ከሞቀ» አሉ። ከዚያ በኋላ ስንኝ አልጣሉም፤ በየመስመሩ መጨረሻ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እሰይ» ይሉ ነበር፣ ለተሰማ አዝነው ይመስለኛል።

ዮአኪምን ሳዳምጥ ይህ አይሰማኝም። ባኽን የሚጫወት ሰው ብቻውን ቢጫወት ድርሰቱ አይጎድልበትም፤ የተጻፈው ተጽፏል። አዝማሪ ብቻውን ሲሆን ግን ከዘፈኑ ግማሹ ይቀራል። ሦስት ደቂቃውን ደግሞ አስቡት። በጠጅ ቤት አንድ ዜማ ተነሥቶ፣ ከማዕዘን ማዕዘን ስንኝ እየተወረወረለት፣ ግማሽ ሌሊት ሊሄድ ይችላል። ሸክላው ገና ነገሩ ሊሞቅ ሲል ይቆርጠዋል።

ሌላም ነገር አለ፤ የሚያሳዝነኝ ነገር። በዚያ ዘመን የሸክላ ዝርግ በደቂቃ ስንት ጊዜ ይዙር የሚል አንድ ወጥ ሕግ አልነበረም፤ አንዱ ሰባ፣ ሌላው ከሰማንያ በላይ ያዞረው ነበር። ከተቀረጸበት ፍጥነት አስበልጠን ብናዞረው ድምፁ ይቀጥናል፣ ዜማው ይጣደፋል፤ ብናሳንሰው ይወፍራል፣ ይጎተታል። የዮአኪምን ዳንሶች የሚያድሱ ባለሙያዎች አብሮ የሚሰማውን ፒያኖ መመዘኛ ያደርጉታል፤ ፒያኖ የታወቀ ቅኝት አለውና። መሰንቆ ግን ለማንም አትቃኝም፣ ለዘፋኙ ጉሮሮ እንጂ። ተሰማ ዛሬ ቀጠን አድርገው፣ ነገ ጎርነን አድርገው ሊቃኙ ይችላሉ። ስለዚህ የምንሰማው የተሰማ ድምፅ በአንድ የዘመናችን ባለሙያ ጆሮ የተመረጠ ፍጥነት ነው። እኔ ጥቂቱን ዝግ አድርጌ ባዳምጠው ሌላ ሰው ይወጣል፤ ደረቱ የሰፋ፣ የማይቸኩል። የትኛው ሰው ወደ ጀርመን እንደሄደ ሚንጃር ብቻ ታውቃለች።

ይህን ሁሉ ቅሬታ እያሰማሁ ሸክላው ባይኖር ይሻል ነበር ማለቴ አይደለም። የሌሉትን አስባለሁና። ከተሰማ ጋር በአንድ ዘመን በጎንደር፣ በወሎ፣ በጎጃም፣ በሸዋ ስንት መሰንቆ መቺ ነበር? ጀርመን ያልሄደው ሁሉ ዝም ብሏል። በኋላም የባሰው መጣ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፣ ከአዲስ አበባው እልቂት ቀጥሎ፣ ፋሺስቶች እየዞሩ የሚዘፍኑ አዝማሪዎችን ከጠንቋዮችና ከባሕታውያን ጋር እያደኑ እንዲገድሉ ትእዛዝ ወጣ፤ ግራዚያኒ ራሱ ግድያውን ለሮም በቴሌግራም አሳውቋል። ምክንያቱ የታወቀ ነው። አዝማሪው ከገበያ ገበያ ወሬ ያደርሳል፤ ወሬውንም በሰም ጠቅልሎ ነው። ፋሺስቱ ሰሙን በአስተርጓሚ ይሰማል፤ ወርቁ ለባላገሩ ያልፋል። ያልገባው ነገር አስፈራው። ጀርመኑ የማሽን ባለሙያ ያልሰማውን ወርቅ ዝም ብሎ አሳለፈው፤ ጣሊያኑ ያልሰማውን ወርቅ በጥይት መለሰለት። የእነዚያ ሰዎች ድምፅ በምንም ሰም ላይ የለም። ስማቸውን እንኳ የመዘገበልን የለም።

ከነፃነት በኋላ ያለውን በአጭሩ ልለፈው፤ አብዛኛው አንባቢ ያውቀዋል። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅር መሰንቆን መድረክ ላይ አወጣት፤ እነ ጌታመሳይ አበበ፣ እነ አሰፋ አባተ በሸክላም በሬዲዮም ተሰሙ፤ አምሃ እሸቴ በ1969 የራሱን የሸክላ ድርጅት ሲያቋቁም የመርካቶና የፒያሳ ሸክላ ቤቶች ጎዳናውን በድምፅ ሞሉት። የእነዚህ ሸክላዎች ልዩነት ለጆሮ ግልጽ ነው፤ መሰንቆ መቺው የሚዘፍነው ለአገሩ ሰው መሆኑን ያውቃል። ጌታመሳይ ስንኝ ሲጥል በየቤቱ ሬዲዮን የከበበው ሰው እንደሚስቅለት ያውቅና ለሳቁ ትንሽ ቦታ ይተዋል። ተሰማ ያ ቦታ የላቸውም። ወይም ትተውት ይሆናል፤ ቀንዱ ሞላበት።

የተሰማ ሸክላዎች መቶ ዓመት ያህል ከቆዩ በኋላ በ2011 በሲዲ ታትመው ወጡ። ያሳተማቸው ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ነው፤ «ኢትዮፒክስ» በሚለው ተከታታይ ሥራው በሃያ ሰባተኛው ቅጽ። አሳታሚው ድርጅት «ቡዳ» ይባላል፤ ስሙ ለእኛ ጆሮ ትንሽ ቢያስፈራም ላደረገው ነገር ዓይኑ አይውጋው። ከሚንጃር ጀርመን፣ ከጀርመን በየሰብሳቢው ሣጥን፣ ከዚያ ፓሪስ፣ ከፓሪስ ኮልፌ፤ የእኛ የመጀመሪያ ሸክላ ወደ ጆሯችን የተመለሰው በዚህ መንገድ ነው። አንዳንድ ወዳጆቼ «ፈረንጅ የራሳችንን መልሶ ሸጠልን» እያሉ ይቆጣሉ። እኔ ቁጣው በፈረንጁ ላይ መሆኑ አይዋጥልኝም። በእነዚያ መቶ ዓመታት ሸክላውን ሰብስቦ ከማሳተም የከለከለን አልነበረም።

አሁን የማደርገው ነገር ትንሽ ነው። የዘፈኖቹን ግጥም እየሰማሁ በደብተር እጽፋለሁ። ግልጽ የሆነውን በብዕር፣ የሚያጠራጥረኝን በእርሳስ። ጫጫታው የዋጠው ቃል አለ፤ የሰማሁት ግን ዛሬ የማንናገረው ቃልም አለ፤ ከሁሉም በላይ ቃሉ ገብቶኝ ወርቁ የማይገባኝ ስንኝ አለ። ሽማግሌው ጎረቤቴ እስካሁን ሦስት ባዶ ቦታ ሞልተውልኛል። ሁለቱ በእርሳቸው አገር ብቻ የሚነገሩ ቃላት ናቸው። ሦስተኛውን ሲነግሩኝ በጣም ሳቁና ሴቶቹ ከጓዳ መውጣታቸውን ዞር ብለው አዩ።

ሚንጃርና ሸንኮራ አያት ያላችሁ አንባብያን፣ ዘፈኖቹን አግኝታችሁ አሰሟቸው። ሲሰሙ አታቋርጧቸው፤ ስንኝ ቢጥሉም ጻፉት። ቶሎ ቢሆን ደግ ነው፤ የእኔ ሽማግሌ ጆሮ ከመስቀል ወዲህ እየከበደ ነው፣ ስልኩን ከጆሯቸው ጋር ማጣበቅ ጀምሬአለሁ።